በሚያዝያ ብርድ ልብስ የለበሱት ዳኛችን

ትናንት ከገለጉ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ «የአስካል ልጅ ማናት? ጸሐፊዋ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ።»

«እትዬ ማንጠግቦሽ ሰላም ብለውሻል። ደህና ገብተናል፤ ቤቱም ጥላ አለው ብለሽ ለሁሉም ንገሪ ብለዋል።» ከዚያ ቆም ብሎ ራሱን አከከ። «ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ‹ዕቁቡን እዚህም ጀምሬዋለሁ፤ የመጀመሪያዋ ባለ ዕጣ የተመኘችው የበር መጥሪያ ደወል ነው፤ ቤቷ ግን መጋረጃ እንጂ በር የለውም› በላት ብለውኛል። ምን ማለት ነው?»

ላስረዳው ፈልጌ ነበር፤ ሳቄ አላስወራኝም። ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሹፌሩ «እናንተ የገንዳ ውሃ ሰዎች ፀሐይ መትቷችኋል» ብሎኝ ሄደ። ቢመታንስ ምን አለበት?

እትዬ ማንጠግቦሽ ከሄዱ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ስለ ሰው መጻፍ የጀመርሁት በእሳቸው ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ ስለ ራሳቸው ብጽፍ የሚከለክለኝ የለም። እሳቸው ቢያነቡት «አሳጥሪው!» ይላሉ። አላሳጥርም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። በመጋዘኑ ሰሊጥ የሚያበጥሩት ሴቶች አለቃ ነበሩ። እናቴ እዚያው ትሠራለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ምሳዋን አደርስላታለሁ። አርባ ያህል ሴቶች ወንፊታቸውን ይዘው ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ከጥግ ማጣሪያ ማሽኑ ያጓራል፤ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በላይ የእትዬ ማንጠግቦሽ ድምፅ ይሰማል። ሻካራ ድምፅ ነው። ጠጠር የበዛበት ወንፊት ሲወዘወዝ የሚያወጣውን ድምፅ አስቡት፤ እሱ ነው። ረጅም ቀጭን ሴት ናቸው፤ ከሻሻቸው በላይ የባለቤታቸውን ቆብ ያጠልቃሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ሲሳይ የትራክተር ኦፕሬተር ስለሆኑ ቆቡ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሲራመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ስለሆነ መሬት የሚለኩ ይመስላሉ። ሲስቁ ግን ያ ሁሉ ቁመት ሁለት ላይ ይታጠፋል፤ ቆቡም መሬት ይወድቃል። ቆባቸውን ያላነሣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሰው ሁሉ «ደህና ዋልሽ?» ሲል እሳቸው «ዓይንሽ የት ዋለ?» ነበር የሚሉት።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ቀን «ትምህርት ቤት» አልኋቸው።

«እሱማ እግርሽ ነው። እኔ የጠየቅሁሽ ዓይንሽን ነው። በሱቅ በኩል ስታልፊ ምን ላይ ቀረ?»

አፈርሁ። ቀርቶ ነበር እኮ! «አራት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ላይ» አልሁ።

«ነካሽው?»

«አዎ።»

«ስንቱን ቀለም?»

«... አራቱንም።»

«ከዚያ መለስሽው?»

«መለስሁት።»

«ተማም!» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከሱዳን ነጋዴዎች የለመዷት ቃል ናት፤ ነገር ሲጥማቸው አትቀርም። «ሰው የሚገዛውንማ ገበያው ያውቀዋል፤ ጨው ነው፣ ዘይት ነው፣ ሳሙና ነው። ነክቶ የሚመልሰውን ግን ማን ያውቅለታል?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው ሳይ እጁን አያለሁ። የመጋዘናችን ዘበኛ ጋሽ ደሴ ለምሳሌ ጥፍራቸውን በምላጭ ሲቆርጡ ስንት ጊዜ ደምተዋል! አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ የጥፍር መቁረጫ አንሥተው ቀጭ ቀጭ ቀጭ ካደረጉ በኋላ መልሰው ሲያስቀምጡ አየኋቸው። ለምን እንዳልገዙ ስጠይቃቸው፣ «ለጥፍር?» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

ዕቁቡን ያስጀመረው ግን የእናቴ ትራስ ነው።

ጥር ላይ፣ የቅዳሜ ገበያ ነበር። አንድ ሱቅ ደጃፍ የስፖንጅ ትራሶች ተቆልለዋል። እናቴ እንደ ልማዷ ቆመች። በመዳፏ ጫን አደረገችው፤ ተነሣ። ደግማ ጫነችው፤ ተነሣ። ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቅ መንገዷን ቀጠለች። እኛ ቤት ትራስ ማለት የተጣጠፈ ልብስ ነው። በዓል ሲመጣ ትራሳችን ይቀጥናል፤ ልብሱን ስለምንለብሰው።

«አስካል!» ሻካራው ድምፅ ከኋላችን መጣ። «ያን ትራስ ስንት ዓመት ነው የምታሠቃዪው?»

«ኧረ እኔ! ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብለሽ ሰባት ዓመት? ሱቁ እኮ ሦስት ጊዜ ባለቤት ቀየረ!»

«ልጆቹ ጫማ እያማራቸው ለራሴ ትራስ ልግዛ እትዬ?»

«ጫማው ሌላ፣ ትራሱ ሌላ። ጫማውን በገዛሽ ጊዜም ትራሱን አልገዛሽም፤ ባልገዛሽ ጊዜም አልገዛሽም።»

እናቴ ትራሱን የጫነችበትን መዳፏን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ጆንያ ላይ ወጥተው ቆሙ። «ስሙኝ ሴቶች! ዕቁብ ልንጀምር ነው።»

«ዕቁብማ አለን!» አሉ ሴቶቹ።

«እሱ የገንዘብ ነው። ይኼ የዓይን ነው።»

እንዲህ ነበር ሥርዓቱ። አሥራ ሁለት ሴቶች በየእሑዱ አንድ አንድ ጣሳ ሰሊጥ ያመጣሉ። ማሳ ያላት ከማሳዋ፣ የሌላት ደግሞ ባለ መጋዘኑ ከፈቀደላት ጥራጊ አጣርታ። ዕጣ የወጣላት አሥራ ሁለቱንም ጣሳ ወስዳ ትሸጥና ነክታ የመለሰችውን ነገር ትገዛበታለች። ሌላ ነገር መግዛት አይቻልም።

«የሚበላ የለም፣ ልጅ የሚለብሰው የለም፣ ለባል የሚሆን የለም» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ ጣታቸውን እያወዛወዙ።

«ዶሮስ?» አለች አንዷ።

«ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላል ይበላል። ተከልክሏል። ደግሞ የገዛችሁትን ቤት ወስዳችሁ ሣጥን ውስጥ ብትቀብሩት ወዮላችሁ! ሳምንት ሙሉ እዚሁ፣ በእኔ ፊት፣ ትጠቀሙበታላችሁ። ሳምንት ካልቻላችሁት ድሮም ምኞታችሁ አልነበረም።»

የዕቁብ ዳኛ እሳቸው ሆኑ። ጸሐፊዋን ደግሞ በጣታቸው ጠቆሙ፤ እኔን! የምጽፈው ቁጥር አልነበረም። ማን፣ ምን፣ የት ሱቅ፣ እንዴት ነክታ እንዴት እንደመለሰች ነው። የመጀመሪያውን «አስካል፤ ትራስ» ብዬ ባሳያቸው ደብተሩን መለሱልኝ። «ምንድን ነው ይኼ? የመቃብር ድንጋይ ነው? እንዴት እንደጫነችው ጻፊ! እንዴት እንደተነሣ ጻፊ!» አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። ጮክ ብዬ ሳነበው ሴቶቹ ተንጫጩ፤ እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እኔ ግን እጄ ትኩስ ሆነብኝ። ደስታ እጅ ያሞቃል ለካ።

የመጀመሪያው ዕጣ ለእናቴ ወጣ። በሕጉ መሠረት ምሳ ሰዓት ላይ በአዲሱ ትራስ መተኛት ነበረባት። ጆንያዎቹ ላይ ተጋደመች። ዓይኗ እንደ ጉጉት ፈጧል።

«ተኚ እንጂ!» አሉ ዳኛዋ።

«አርባ ሰው እያየኝ እንዴት ልተኛ?»

«ፊታችሁን አዙሩ ሴቶች!»

አርባ ሴት ባንድ ጊዜ ግድግዳውን አየ። ጥቂት ቆይቶ ከጆንያው ላይ ማንኮራፋት ተሰማ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ማጣሪያ ማሽኑ። አንዷ ሳቋን መያዝ አቅቷት አመለጣት፤ ሌላዋ ተከተለች፤ መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እናቴ ብድግ አለችና «አልተኛሁም!» አለች፤ ጉንጯ ላይ የትራሱ ስፌት ታትሟል።

ሙሉ ግን አጭበረበረች። ሙሉ የእናቴ የወንፊት ጎረቤት ናት፤ ምላሷ ከምላጭ ይብሳል። ዕጣው ሲወጣላት የልጅ ቦርሳ ይዛ መጣች፤ ሮዝ፣ ፊቱ ላይ የድመት ሥዕል ያለበት።

«ይኼ የልጅሽ ነው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«የእኔ ምኞት ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ!» ብላ ደረቷን መታች።

«ጥሩ። ምኞትሽ ከሆነ እዘዪው።»

ሙሉ አንድ ሳምንት ሙሉ ድመቷን አዝላ ሰሊጥ አበጠረች። አዝላ ገበያ ሄደች። ከአርማጭሆ በኩል የመጡ የቀን ሠራተኞች መንገድ ላይ «እታለም፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ሲሏት «ከእናትህ እኩል ነኝ!» አለቻቸው። በሳምንቱ እትዬ ማንጠግቦሽ «በቃሽ፤ ለልጅሽ ስጪው» ቢሏት ማሰሪያውን ጨምድዳ ያዘች። «አልሰጥም። ለራሱ ሌላ ይገዛለት።» እኔም ደብተሬ ላይ «ምኞቷ ሳታውቀው ምኞቷ ሆነ» ብዬ ጻፍሁ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ያችን አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ።

እንዲህ እያልን አሥራ አንድ እሑድ አለፈ። ጥላ የገዛች አለች፤ ባዶ ውሃ አሙቃ በፔርሙዝ የምትዞር አለች። ዳኛዋ ራሳቸውን መጨረሻ አድርገው ነበር።

ሚያዝያ ገባ። ጋሽ ሲሳይ ገለጉ ላይ ሥራ አገኙና ቤተሰቡ ማክሰኞ ሊሄድ ነው ተባለ። ከማክሰኞው በፊት አንድ እሑድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የእሳቸው ነው።

ሐሙስ ዕለት ደብተሬን ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። ድስቱ ታስሯል፣ አልጋው ተገልብጧል። «እትዬ፣ የእርስዎን ልጻፍ?»

ቀና ሳይሉ «ብርድ ልብስ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ደብተሩ ላይ ጠብ አለ። «ብርድ ልብስ? በዚህ ሙቀት?»

«የምሄደው ገለጉ ነው።»

«ገለጉማ ይብሳል!»

ሊቆጡ ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ፤ ቆቡ ወደቀ፤ አነሣሁላቸው። ከዚያ የታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀመጡና በሩን አዩ። «ለማንም አትናገሪም?»

«አልናገርም።»

«እመቤቴን በይ።»

«እመቤቴን።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ፊሽካ ነው።»

ይቅር ይበለኝ፤ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ስለዚህ ሳቄን መለስሁት።

ዳባት አካባቢ አምስተኛ ክፍል ሳሉ የስፖርት አስተማሪው በአረንጓዴ ገመድ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ፊሽካ ነበረው። እሱ ሲነፋ መቶ ልጅ ይቆማል፤ ሲነፋ መቶ ልጅ ይሮጣል። አንድ ቀን ወንበር ላይ ረስቶት ሄደ። ማንጠግቦሽ አነሣችው። ከንፈሯ ላይ አደረገችው። ትንፋሿን ልትሰድ ስትል የእግር ኮቴ ሰማችና መለሰችው። በዓመቱ ቤተሰቡ መሬት ፍለጋ ወደ ቆላ ወረደ፤ ትምህርቱም እዚያው ቀረ። ከዚያ ሦስት መኸር ማሽላ ማሳ ውስጥ ማማ ላይ ቆማ ወፍ ጠበቀች፤ ከጠዋት እስከ ማታ እየጮኸች።

«ድምፄን ወፍ ነው የበላው» አሉኝ ጉሮሯቸውን ነካ አድርገው። «እዚያ ማማ ላይ ቆሜ ‹አንድ ፊሽካ ብቻ› እል ነበር። አሁንም ማሽኑ ሲያጓራብኝ እሱኑ እላለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልገዙም?»

«ሴት ልጅ ስታፏጭ ቤት ይፈርሳል ሲሉ ነው ያደግሁት። ቢቀር ቢቀር፣ አራት ልጅ ድሬ፣ በስተርጅና ‹ማንጠግቦሽ ፊሽካ ነፋች› ልባል? እነዚያ ሴቶች እኮ እኔን አክብረው ነው ያን ሁሉ ያሳዩኝ። እንዳከበሩኝ ልሂድ።» ቆቡን አጠለቁ። «ብርድ ልብስ ብለሽ ጻፊ። ሦስት ጊዜ ነካች በይ።»

ጻፍሁ። ባልጽፍ ምን አደርጋለሁ? ግን ሌሊቱን ሙሉ አንገበገበኝ። እሑድ ብርድ ልብስ ከተባለ ሰሊጡ ተሽጦ ብርድ ልብስ ይገዛል፤ ማክሰኞ መኪናው ይሄዳል፤ ፊሽካዋም እንደገና ወንበር ላይ ትቀራለች። እኔ ደግሞ ምያለሁ።

እሑድ በመጋዘኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ቅጠል አይነቃነቅም፤ ዶሮዎቹ እንኳ ክንፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። አነበብሁ። «እትዬ ማንጠግቦሽ፤ ብርድ ልብስ። ሦስት ጊዜ ነክተዋል።»

«የት ሱቅ?» አለች እናቴ።

ደብተሬን ገለጥሁ፤ የሱቅ ስም አልጻፍሁም። እናቴ ዓይኔን አየች፤ ከዚያ የእትዬን ዓይን አየች፤ ከዚያ ከሙሉ ጋር ተያዩ። እነዚህ ሁለቱ ሲተያዩ ከመሐል መውጣት ነው።

«መልካም ነው» አለች እናቴ በጣም በጨዋ ድምፅ። «ምኞት ይከበራል። ሕጉ ደግሞ ሳምንት መጠቀም ነው። እርስዎ መንገደኛ ስለሆኑ እስከ ምሳ ይበቃናል።»

ሙሉ ቦርሳዋን እንዳዘለች ሮጣ ቤቷ ሄደች፤ ከደጋ ዘመዶቿ የመጣ እንደ በግ የከበደ ብርድ ልብስ ተሸክማ ተመለሰች። እትዬ ማንጠግቦሽን ወንበር ላይ አስቀምጠው እስከ አገጫቸው ድረስ ጠቀለሏቸው። ከላይ ፊታቸውና ቆባቸው ብቻ ቀረ።

«እንዴት ነው እትዬ?»

«ደስ ይላል» አሉ ፍንክች ሳይሉ። «እንዲህ ነው እንጂ።»

«ደረብ እናድርግልዎ? ነፋስ ገባ መሰለኝ።»

«ኧረ ይበቃል።»

ላባቸው ከቆቡ ሥር ወረደ። በቅንድባቸው ዞረ፤ በአፍንጫቸው ወረደ። ጋሽ ደሴ ከበሩ እየሮጡ መጡና «ምነው! ሰው ልትገድሉ ነው?» አሉ።

«እኛ አይደለንም ጋሼ፣ ምኞታቸው ነው» አለች ሙሉ።

እትዬ ማንጠግቦሽ እኔን አዩኝ። እኔ አፌን በደብተሬ ከድኛለሁ፤ ካልከደንሁት ያመልጠኝ ነበር። ደብተሩን ከፊቴ ሳላነሣ ራሴን ብቻ ወደ ታች ነቀነቅሁ፤ ይበሉ፣ ይናገሩ እንደማለት። ይኼ መሐላ ማፍረስ አይደለም፤ አይደለም አይደል?

«አሁንስ?» አለች እናቴ ጎንበስ ብላ። «አሁንስ ይሞቅዎታል?»

«ኸላስ!» ብርድ ልብሱ ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ። «ኸላስ፣ በቃኝ! ፊሽካ ነው! ፊሽካ! ፊሽካ ነው የምፈልገው!»

እትዬ ማንጠግቦሽ እንደቆሙ ላባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ ሁሉንም ተናገሩ፤ ወንበሩን፣ አረንጓዴውን ገመድ፣ ማማውን፣ ወፉን። ሲጨርሱ መሬት መሬት አዩ። እንዲህ አጥረው አይቻቸው አላውቅም።

«በሉ ሳቁብኝ» አሉ።

ሙሉ ዞራ ጀርባዋን አሳየቻቸው። ድመቷ ፈገግ ብላለች። «ይኼን ያሸከሙን ሴትዮ! በምን አፋችን ነው የምንስቀው? ለመሆኑ ዳኛ ያለ ፊሽካ ኖሮ ያውቃል?»

እናቴ እልል አለች። ከዚያ ሁሉም። እትዬ ማንጠግቦሽ «ዝም በሉ፣ ሰው ይሰማል!» ቢሉም ማን ይሰማቸዋል፤ ድምፃቸውን ወፍ በልቶታል።

ሰኞ ግን ጉድ መጣ። በገንዳ ውሃ ሱቆች ውስጥ ፊሽካ የለም። ደብተር ቤት ጠየቅን፣ ፕላስቲክ ቤት ጠየቅን፣ የጫማ ሱቅ እንኳ ጠየቅን። «ማን ሊገዛው ብለን እናምጣው?» ይሉናል። ሜዳ ላይ ልጆች የሚያጫውተውን ዳኛ ብንለምነው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከቶ ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢታውም እየተነፋ ወጣ። ሙሉ «ቆይ!» ብላ ሰሊጡን ሸጠችና ሚኒባስ ተሳፍራ መተማ ዮሐንስ ወረደች። ከድንበሩ ገበያ የማይገኝ የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች፤ ቦርሳዋ ተወጥሯል።

«አገኘሁ። ግን ነጋዴው በፍሬ አልሸጥም አለኝ።»

«እና?»

ቦርሳውን ገለበጠችው። ደርዘን ሙሉ። አሥራ ሁለቱ ጣሳ ሰሊጥ አሥራ ሁለት ፊሽካ ሆኖ ምንጣፉ ላይ ተበተነ፤ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን ሴቶቹ ተሻሙ። ከመሐል አንድ አረንጓዴ ነበረ። እሱን ማንም አልነካውም።

ማክሰኞ ጠዋት የጭነት መኪናው በራቸው ቆመ። ከላይ አልጋው እግሩን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ጋሽ ሲሳይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ አረንጓዴዋን ፊሽካ በጭብጣቸው ይዘዋል።

«ይንፏት እንጂ!» አልናቸው።

«አፈርሁ።»

«እሺ እኛ እናስጀምርዎ» አለች እናቴ። አሥራ አንድ ሴቶች ባንድ ትንፋሽ ነፉ።

ወገኖቼ! ሁለት ባጃጅ ባለበት ተገተረ። የአህያ ጋሪ ወደ ኋላ ሄደ። ትራፊክ ፖሊስ የራሱን ፊሽካ አፉ ላይ እንዳደረገ ከመታጠፊያው እየሮጠ መጣና «ማን ነው የነፋው?» አለ። አሥራ አንዱም ሴቶች ፊሽካቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ጋሽ ደሴን አሳዩት። ጋሽ ደሴ «እኔ? እኔ የጥፍር መቁረጫ እንኳ የለኝም!» አሉ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግን አልነፉም። አንድ በአንድ ስመውን፣ እኔን ሁለት ጊዜ ስመውኝ፣ ፊሽካዋን እንደጨበጡ ወደ መኪናው ወጡ። በሩ ተዘጋ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። እናቴ «ሳይነፏት ሄዱ» አለች። የሁላችንም እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

መኪናው ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ አንድ ነገር ሰማን። እንደ ጫጩት ቀጭን ፉጨት። ቆመ። ከዚያ ረጅም፣ ረጅም፣ ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ፉጨት ከመስኮቱ ወጣ።

መኪናውም ቀጥ ብሎ ቆመ!

ሮጠን ደረስን። ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን በአንድ እጁ፣ የመኪናውን ወረቀት በሌላው ይዞ በመስታወቱ ኋላውን ያያል። «የታል ትራፊኩ?»

«ትራፊክ አይደለም፤ ማንጠግቦሽ ናት» አሉ ጋሽ ሲሳይ። «ንዳ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ፊሽካዋን ከአፋቸው አውጥተው እኛን አዩ፣ ሹፌሩን አዩ፣ የቆመውን መኪና አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። እንደገና ሳምናቸው። መኪናው ሄደ። ትንሽ ራቅ እንዳለ፣ ፊሽካ! መኪናው ቀጥ! ሮጥን።

«እኔ አይደለሁም፣ እግሬ ነው!» ይላል ሹፌሩ ፍሬኑን እያሳየን። «ሃያ ዓመት የለመደ እግር ነው፤ ፊሽካ ሲሰማ ይረግጣል!»

«ኧረ ማንጠግቦሽ፣ ስለ እግዜር!» ይላሉ ጋሽ ሲሳይ፤ ግን ራሳቸውም እየሳቁ ነው። ቆቡ ከመኪናው ወለል ወድቋል፤ እትዬ ሁለት ላይ ታጥፈው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ሳምናቸው።

ሄዱ። አሁን በእውነት ሄዱ አልን። መኪናው ድልድዩን ተሻገረ፤ አቧራው ዋጠው፤ አልጋው ብቻ ከአቧራው በላይ እግሩን ያወዛውዛል። ትንፋሻችን ተቆርጦ፣ ሙሉ ጉልበቷን ይዛ፣ ጋሽ ደሴ ከኋላ እየተንገዳገዱ፣ መንገዱ መሐል ቆመን ጆሯችንን ሰጠን።

ፉጨቱ ከማዶ መጣ። ከአቧራው ውስጥ የፍሬኑ ቀይ መብራት ቦግ አለ።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሠረች። «ቆመ!» አለች። «ሩጡ!»

ሮጥን።